አልፋ ቻናል ምንድን ነው? ነጭ ማጥፊያ እንዳይመስላችሁ

"አልፋ ማድረግ ማለት እኮ ነጩን ማጥፋት ነው።"

ይህችን አባባል በዚህ ወር ብቻ ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኳት። የመጨረሻው ሰውዬ ደግሞ ምርቃት ጨመረባት፦ "ነጻ ሶፍትዌሮች አልፋ አይሠሩም። ፎቶሾፕ ግዙ። ካልቻላችሁ ክራኩን እልክላችኋለሁ።" ሁለት ስህተት በአንድ ትንፋሽ። ምርቃቱ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረው ቅጂ፣ ቫይረስ።

ሥራዬ ለአቫታር፣ ማለትም በኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ ሰውን ለሚወክለው ምስል፣ ልብስ መስፋት ነው፤ መስፋት ካሉት። ሴከንድ ላይፍ ለሚባለው ጨዋታ ብዙ፣ ሮብሎክስ ለሚባለው ትንሽ ሠርቻለሁ። ቴምፕሌት (የልብሱ መለኪያ ምስል) ምንድን ነው፣ ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ የሚነጠፍ የምስል ድርብ) እንዴት ይደረባል የሚለውን እዚህ አላነሳም። የአንድ ከሰዓት ልምምድ ነው። አልፋ ቻናልን የተሳሳተ ሰው ግን የማያስፈልገውን ሶፍትዌር ይገዛል፣ ወይም ኮምፒውተሩን ያስበላል። ልብሱም አይሠራለትም።

"ነጩን አጥፉ" የሚለው ምክር ለምን እንደሚያናድደኝ በአንድ ቀሚስ ላሳያችሁ። አንዲት ጀማሪ የሐበሻ ቀሚስ ላይኛውን ክፍል ለሮብሎክስ ሠራች። የሮብሎክስ የሸሚዝ ቴምፕሌት 585 በ559 ፒክስል ነው። የደረቱ ፊት ለፊት 128 በ128 ብቻ ነው። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ከአንገቷ ጀምራ ጥለት አወረደች። ወርቃማና ቀይ፣ መሀሉ ላይ መስቀል። አጭሩ እጅጌ ጫፍ ላይም ደገመችው። እውነቴን ነው፣ ያምር ነበር። ከዚያ የተባለችውን አደረገች። አንድ ዓይነት ቀለም የሚመርጠውን ማጂክ ዋንድ ይዛ ነጩን ነካች፣ ዴሊት አለች። ጀርባው ሄደ። ቀሚሱም አብሮ ሄደ። ሮብሎክስ ላይ ባዶ የሆነ ቦታ የአቫታሩን ገላ ነው የሚያሳየው። አቫታሯ ቀሚስ የሌለው ጥለት አንጠልጥላ ቆመች።

የሐበሻ ቀሚስ ነጭ ነው እኮ! ነጭ ቀለም ነው። እንደ ቀይ፣ እንደ ጥቁር።

በምስል ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ ሦስት ቁጥሮች አሏት፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ይሄዳል። ሦስቱም 255 ሲሆኑ ነጭ ይወጣል። አልፋ አራተኛ ቁጥር ነው። ስለ ቀለም ምንም አያወራም። ይህች ነጥብ ከኋላዋ ያለውን ምን ያህል ትሸፍናለች የሚለውን ብቻ ነው የሚናገረው። 0 ከሆነ ምንም አትሸፍንም። 255 ከሆነ ድፍን ናት። በመካከል 254 ደረጃ አለ፤ ሥራው ያለው እዚያ ነው።

የሁሉም ፒክስል አራተኛ ቁጥር አንድ ላይ ሲታይ ራሱን የቻለ ጥቁርና ነጭ ምስል ይሆናል። ቻናል የሚባለው ይህ ነው። አይምቩ በሚባለው የአቫታር ጨዋታ ላይ የሠራችሁ ይህን በዓይናችሁ አይታችሁታል፤ እዚያ ጥቁርና ነጩ ምስል ለብቻው ነው የሚገባው። በዚህ ምስል ላይ ጥቁሩ የማይታየው ነው፣ ነጩ የሚታየው ነው፣ ግራጫው በከፊል። ሰውዬው እንግዲህ ልክ በተቃራኒው ነው የያዘው። በአልፋ ቋንቋ ነጭ ማለት "ይታይ" ማለት ነው።

ስሙን ያወጡለት አልቪ ሬይ ስሚዝና ኤድ ካትመል ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒው ዮርክ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሠሩ። ሁለት ምስል በሚቀላቅሉበት ቀመር ውስጥ የተጠቀሙባት የግሪክ ፊደል አልፋ ነበረች፣ ስሙ ከዚያ ወጣ። ከአልፋና ኦሜጋ ጋር አይገናኝም። ለእኛ ጆሮ ግን ይመቻል፦ ብርሃኗ በጨርቁ አልፋ ሄደች።

አሁን ነጠላን፣ ጋቢንና ቡሉኮን አስቡ። ሦስቱም ነጭ ናቸው። ሦስቱም ጥጥ ናቸው። ቀለማቸውን በቁጥር ብንጽፈው ያው ነው። ነጠላ ፊታችሁ ላይ ጣል ብታደርጉ ግን መንገዱ ይታያችኋል። በጋቢ ውስጥ ብርሃን መኖሩን ብቻ ታውቃላችሁ። ቡሉኮ ውስጥ ሌሊት ነው። ድርና ማጉ ምን ያህል ተጠጋግቷል? ስንት ድርብ ነው? አልፋ የሚመልሰው ይህን ጥያቄ ነው።

ምሳሌውን ትንሽ ልለጥጠው። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት። አንዱ ድርብ ከኋላው ያለውን ግማሽ ይሸፍናል እንበል። ሁለቱ ሲደረቡ ሙሉውን ይሸፍናሉ? ብዙ ሰው አዎ ይላል። አይሸፍኑም። ሁለተኛው ድርብ የሚሸፍነው የመጀመሪያው ካሳለፈው ላይ ግማሹን ነው። ስለዚህ ነጠላው 75 በመቶ ይሸፍናል፣ በአልፋ ቁጥር 191 አካባቢ። ጋቢው 94 በመቶ ገደማ፣ 239 መሆኑ ነው። "ሁለት ሌየር በ50 በመቶ ደርቤ አሁንም ገላ ይታያል" ብሎ ሶፍትዌሩን የሚረግም ሰው አውቃለሁ። ሶፍትዌሩ ምን ያድርግ፣ ሒሳቡ ነው። (ሸማኔዎች ይቅር በሉኝ። እውነተኛ ነጠላ እንደ ፈትሉ ይለያያል።)

ወደ ሁለተኛው ስህተት ልምጣ፣ "ነጻ ሶፍትዌር አልፋ አይሠራም" ወደሚለው። ሰውዬው ከየት እንዳመጣው መገመት አያቅትም። ጂምፕ የሚባለውን ነጻ የምስል ሶፍትዌር ይከፍታል። ከኢንተርኔት ያወረደውን ጄፔግ የሚባል ዓይነት የፎቶ ፋይል ያስገባል። ላጲሱን ይዞ ጀርባውን ይፈገፍጋል። ከላጲሱ ሥር ነጭ ይወጣል። "አያችሁ? አልፋ የለውም!"

የለውም፣ ልክ ነው። የሌለው ግን ፋይሉ ነው። ጄፔግ አራተኛውን ቁጥር የሚያስቀምጥበት ቦታ አልተሠራለትም። አልፋ በሌለው ሌየር ላይ ላጲስ ማለት በጀርባው ቀለም መቀባት ማለት ነው። መድኃኒቱ አንዲት ትእዛዝ ናት፦ ሌየር፣ ትራንስፓረንሲ፣ አድ አልፋ ቻናል። በቃ። ፎቶሾፕም ቢሆን ባክግራውንድ በሚለው የተቆለፈ ሌየር ላይ ላጲስ ስታስኬዱ ያንኑ ነው የሚያደርገው። የሚገርመው ግን ከፍሎ የገዛ ሰው ነጩ ሲወጣበት "እኔ ነኝ ያላወቅኩት" ይላል። በነጻ ያወረደ ሰው "ድሮም ነጻ ነገር" ይላል።

ሌላም ምንጭ ሳይኖረው አይቀርም። አንዳንድ የዲዛይን ድረ ገጾች ጀርባ የሌለው ፒኤንጂ (አልፋ መያዝ የሚችል የምስል ፋይል ዓይነት) ለማውረድ ክፍያ ይጠይቃሉ። ያንን ያየ ሰው አልፋ ራሱ የሚሸጥ ነገር ይመስለዋል። ፒኤንጂ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው።

ርካሽ ሶፍትዌር ስፈልግ እኔ ሦስት ነገር ነው የማየው። ሌየር አለው ወይ? አልፋውን ሳያበላሽ ፒኤንጂ ያወጣል ወይ? ማስክ፣ ማለትም ሳያጠፋ የሚደብቅ መሸፈኛ፣ አለው ወይ? ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ላጲስ መቀስ ነው፣ የተቆረጠ ሸማ አይመለስም። ማስክ ግን ልብስ ሰፊው የሚተወው እጥፋት ነው። ልጁ ሲያድግ ይለቀቃል።

ጂምፕ ሦስቱም አሉት። መልኩ አያምርም፣ እስክትለምዱት ደም ያፈላል። ክሪታ የተሠራው ለሥዕል ነው። የጨርቅ እጥፋትና ጥላ በእጁ ለሚስል ሰው ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ። ፔይንት ዶት ኔት ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው፣ ቀሊል ነው፣ የደከመ ላፕቶፕ ላይም ይሄዳል። ማስክ ግን አብሮት አይመጣም። ፎቶፒያ ብራውዘር ላይ ይከፈታል፣ ማስታወቂያውን ከቻላችሁት። ፒኤስዲ፣ ማለትም የፎቶሾፕን ፋይል፣ ማንበቡ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ብዙ የልብስ ቴምፕሌት በፒኤስዲ ነው የሚመጣው። የዊንዶውስ 11 ፔይንት እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ሌየርና ትራንስፓረንሲ አለው። አልመክረውም፣ ግን አለው።

ፎቶሾፕ መጥፎ አይደለም። ብዙ ዓመት ሠርቼበታለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ግን አዲሱን የምታገኙት በኪራይ ብቻ ነው። የዶላር ካርድ ለሌለው ጀማሪ ደግሞ ክፍያው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ሸሚዝ ሳይሸጡ ኪራይ መክፈል ሱቅ ሳይከፍቱ ዘበኛ መቅጠር ነው። ክራኩን አልፈዋለሁ። የልብስ ሱቃችሁ አካውንት ያለበት ኮምፒውተር ላይ ከማታውቁት ሰው የመጣ ፋይል መክፈት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

በስልክ ለምትሠሩ፣ አይቢስ ፔይንት ሌየርም ባዶ ጀርባ ያለው ፒኤንጂም አለው። የስልክ ሠራተኞች ችግር ሌላ ቦታ ነው፦ ቴሌግራም። ልጅቷ አልፋውን በሥርዓት ትሠራለች። ለጓደኛዋ እንደ ፎቶ ትልከዋለች። ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ወደ ጄፔግ ይጨምቀዋል፣ አራተኛው ቁጥር መንገድ ላይ ይቀራል። ጓደኛዋ "ጀርባው አልጠፋም" ትላለች። ከዚያ ክርክር። እንደ ፋይል ላኩት።

ስለ ዳማው ሰሌዳም አንድ ነገር። ያ ግራጫና ነጭ አራት ማዕዘን ባዶነትን ለማሳየት ሶፍትዌሩ የሚስለው ነው። ምስሉ ውስጥ የለም። "ጀርባ የሌለው ጥለት" ብላችሁ ከኢንተርኔት ስታወርዱ ግን ብዙ ጊዜ ዳማው ራሱ ተስሎበት ይመጣል። ዳማ ያለበት ቀሚስ ለብሶ የሚዞር አቫታር አይቻለሁ።

እስካሁን ያለው ገብቷችሁ ከሆነ የሚያስለቅሰኝን ልንገራችሁ፤ ጠርዝ ነው። ጥቁር ካባ በነጭ ጀርባ ላይ ትሠራላችሁ። ጀርባውን በትክክል ታጠፋላችሁ። አቫታሩ ላይ ሲለበስ ዙሪያውን ነጭ ክር የመሰለ ነገር ይከበዋል። ጠርዙ ላይ ያሉት ፒክስሎች ለስላሳ እንዲሆኑ ከጥቁሩና ከነጩ ተቀላቅለው ነበር፣ ነጩን አብረው ይዘውት መጡ። የማይታይ ፒክስልም ደግሞ ቀለም አለው። አልፋው 0 ሆኖ ሦስቱ ቁጥሮች ነጭ ሊሆኑ ይችላሉ። ጨዋታው ምስሉን ከሩቅ ለማሳየት ሲያሳንሰው የጎረቤት ፒክስሎችን ቀለም አማካይ ይወስዳል፣ የተደበቀው ነጭ ያኔ ይሾልካል። ስለዚህ ካባው ጥቁር ከሆነ ከሥሩ ያለው ሜዳ ሁሉ ጥቁር ይሁን። ቅርጹን አልፋው ይቁረጠው። ጂምፕ ፒኤንጂ ሲያወጣ የማይታዩትን ፒክስሎች ቀለም ላስቀምጥ ወይ ብሎ የሚጠይቃት ሳጥን አለች። ማንም አያያትም። ምልክት አድርጉባት።

ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ልጨምር። አልፋን አወቅን ብላችሁ በየልብሱ አትክተቱት። ድፍን የሆነ ካባ ባለ 24 ቢት ይበቃዋል፣ ለሦስቱ ቁጥሮች ስምንት ስምንት። አራተኛው ሲጨመር 32 ይሆናል። የሜሽ (ባለ ሦስት ገጽታ ቅርጽ) ልብስ ላይ አልፋ ያለበት ምስል በብሌንዲንግ፣ ማለትም ከኋላው ካለው ጋር በሚቀላቅለው ምርጫ፣ ሲገባ ሴከንድ ላይፍ እንደ ስስ ነገር ይይዘዋል። ስስ ነገሮች ከኋላ ወደ ፊት በተራ ነው የሚሳሉት። ሁለት ስስ ነገሮች ሲነባበሩ ተራው ይምታታል። የለበሰችው ነጠላ ከፀጉሯ ጋር ይጣላል፣ ካሜራውን ባዞራችሁ ቁጥር አንዱ ሌላውን ይበላል። ጠርዙ ቁርጥ ያለ ነገር ከሆነ ማስኪንግ የሚለውን ምረጡ። ከአንድ ቁጥር በላይ ያለው ድፍን ይሆናል፣ በታች ያለው ባዶ፣ ጠብ የለም። ብሌንዲንግን ለእውነተኛ ስስ ጨርቅ አቆዩት።

ከማስገባታችሁ በፊት ከሁሉም ሌየር ሥር የሚያቃጥል ሮዝ ቀለም አስገቡና እዩ። ነጭ ላይ የተደበቀ ቀዳዳ ሁሉ ሮዝ ሆኖ ይጮሃል። ከዚያ ሮዙን አጥፍታችሁ ፒኤንጂ አውጡ። ሴከንድ ላይፍ ላይ ምስል ማስገባት በጨዋታው ገንዘብ፣ በሊንደን ዶላር፣ ያስከፍላል፤ ክፍያዋ ትንሽ ናት ግን በስህተት ሃያ ጊዜ ስትከፍሉ ትሰማላችሁ። ሎካል ቴክስቸር የሚለውን ከተጠቀማችሁ ምስሉ በነጻ፣ ለእናንተ ብቻ፣ ከኮምፒውተራችሁ ይታያል።

ያቺ ጀማሪ ቀሚሷን እንደገና ሠራች፣ በጂምፕ። ቀሚሱን በባዶ ሌየር ላይ ስለጀመረች የሚጠፋ ነጭ አልነበረም። ከአጭሩ እጅጌ በታች ክንዷ ላይ ነጠላ አወረደችበት። ሒሳቡን ነግሬያት ስለነበር አልፋውን 191 አደረገችው። ስክሪኑ ላይ ሳየው ጋቢ መሰለኝ። 140 አድርጊው አልኳት። እምቢ አለች።