ስስ ሴራሚክ የተበላ የመንጋጋ ጥርስ ላይ ጫና ይችላል ወይ?
«ዚርኮኒያ ከ900 ሜጋፓስካል በላይ ከቻለ፣ 400 ገደማ የሚችለው ሊቲየም ዳይሲሊኬት ለምን ይመረጣል?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ነጥቡን ላብራራ። ሁለቱም የተበላ ጥርስ የሚሸፈንባቸው የሴራሚክ ዓይነቶች ናቸው፤ ሜጋፓስካል ደግሞ የጫና መለኪያ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የሚገኙት ለብቻው ያለ የሴራሚክ ናሙና በቤተ ሙከራ እስኪሰበር ተጭኖ ሲለካ እንጂ ጥርስ ላይ ተጣብቆ አይደለም። አፍ ውስጥ ግን 1 ሚሊሜትር የማይሞላ ሽፋን የማኘክን ጫና የሚችለው ከጥርሱ ጋር አንድ አካል ሲሆን ነው፤ ሥሩ ባዶ የቀረ የወለል ሴራሚክ እንደሚሰነጠቅ ሁሉ፣ ማጣበቂያው በደንብ ያልያዘው ሽፋንም ከታች በኩል ተለጥጦ ይሰነጠቃል። ሊቲየም ዳይሲሊኬት መስታወትነት ስላለው ውስጠኛው ገጹ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሻክሮ ከሬዚን ማጣበቂያ ጋር አጥብቆ ይያያዛል፤ ዚርኮኒያ ግን በዚህ መንገድ ስለማይሻክር የራሱን ዝግጅት ይፈልጋል። ማጣበቂያው ከዴንቲን (ከጥርሱ ውስጠኛ ክፍል) ይልቅ ኢናሜልን (የጥርሱን ጠንካራ ውጫዊ ክፍል) አስተማማኝ አድርጎ እንደሚይዝ እርግጥ ነው። ዝቅተኛው ውፍረት ግን እንደ አምራቹ መመሪያ፣ እንደ ቀረው ኢናሜል፣ በተለይም ታካሚው በእንቅልፉ ጥርሱን የሚያፋጭ እንደ መሆኑ ይለያያል።