ጥንድ መስመር ምንድን ነው? ስለ ኦቾሎኒ አዘራርና በሽታው

ባለፈው ፒያሳ ታክሲ ስጠብቅ ከአንድ ልጅ ኦቾሎኒ ገዛሁ። «የባቢሌ ነው ጋሼ፣ አንደኛ!» ብሎ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ልክ ሳይሆን አይቀርም፣ ምሥራቅ ሐረርጌ የኦቾሎኒ አገር ነው። መዳፌ ላይ ሳፈሰው ግን አንዳንዱ ሙሉ፣ አንዳንዱ ጭምድድ ያለ። ፍሬ በዝናብ እጥረትም ይጨማደዳል፣ በበሽታም። እኔ የማወራው ስለ በሽታው ነው፣ እሱንም ከአዘራር ጋር ስለሚያገናኘው ነገር።

(ለውዝ የምትሉትም ይኸው ነው። የነቢዩ ኤርምያስ የለውዝ በትር ግን ሌላ ነው፣ ያኛው ዛፍ ነው።)

ኦቾሎኒ ጉደኛ ተክል ነው። አበባው ከላይ ይፈካል፤ ከዚያ መርፌ የመሰለ ዘንግ ወደ ታች ይወርድና አፈር ውስጥ ይገባል፣ ፍሬውም እዚያው ጨለማ ውስጥ ያድጋል። ስለዚህ አፈሩን ያገኘው ነገር ሁሉ ፍሬውንም ያገኘዋል።

ጥንድ መስመር ማለት በአንድ መስመር ፈንታ ሁለት መስመር አጠጋግቶ መዝራት ነው። የአሜሪካን ኦቾሎኒ ግማሽ ገደማ የምታመርተው ጆርጂያ ውስጥ መስመሮቹ በተለምዶ 91 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ። በጥንድ መስመር ሲዘሩ እያንዳንዱን መስመር ለሁለት ይከፍሉታል፣ በሁለቱ መሀል ከ18 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር ይተዋሉ። ዘሩ ግን አይጨምርም። በአንድ ሜትር 20 ፍሬ ይዘሩ ከነበረ አሁን አንዱ ጋ 10፣ ሌላው ጋ 10። ችግኞቹ አይጋፉም፣ ቅጠሉም መሬቱን ቶሎ ይሸፍነዋል።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ መሸፈን ላይ ነው። እዚያ ገበሬውን ያስለቀሰው ቲማቲምንም የሚያጠቃ አንድ ቫይረስ ነው። የሚያዛምተው ትሪፕስ የሚባል ተባይ ነው፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። «ታዲያ መድኃኒት አይረጩም?» ትሉ ይሆናል። ይረጫሉ፣ ግን አብዛኛው መድኃኒት እስኪገድለው ድረስ ተባዩ ቫይረሱን አስገብቶ ጨርሷል። የሚሻለው መጀመሪያውኑ እንዳያርፍ ማድረግ ነው። ዋናው ግምት ይሄ ነው፦ ተባዩ በራሪ ነው፣ ባዶ ቡናማ አፈር ላይ ተለይቶ የሚታየውን አረንጓዴ አይቶ ይወርዳል። ባዶ መንገድ ላይ ብቻውን የቆመን ሰው የታክሲ ረዳት ከየት ነው የሚያየው? ከሩቅ! ሰው በሞላበት ሰልፍ ውስጥ ከሆነ ግን ማንም ለይቶ አይጠራውም።

ወደ እኛ አህጉር ስንመጣ ደግሞ ሮዜት የሚባል በሽታ አለ። ታንዛኒያ ውስጥ በ1907 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው መጀመሪያ የተመዘገበው። ተክሉን አጭር፣ ቁጥቋጦ የመሰለ አድርጎ ያስቀረዋል፤ የሚያስተላልፈውም ክሽክሽ የሚባል ጥቃቅን ተባይ ነው። ለዚህም ከድሮ ጀምሮ የሚሰጠው ምክር ቀድሞ መዝራት፣ አጠጋግቶ መዝራት፣ ክፍተት አለመተው ነው። ክሽክሽም የሚወደው ሳሳ ብሎ የተዘራውን ማሳ ነዋ።

መሬቱን ለመሸፈን ሌላም መንገድ አለ፣ ማሳውን ብዙ አለማረስ። ማሳውን በሙሉ ከመገልበጥ ዘሩ የሚያርፍበትን መስመር ብቻ ያርሱታል፣ የቀረው ያለፈው ሰብል ገለባ እንደለበሰ ይተዋል። ትሪፕሱ ይቀንሳል። ሌላም ጥቅም አለው። የቅጠል ነጠብጣብ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ፈንገስ ቀድሞ ከተዘራ ኦቾሎኒ በተረፈ ቅሪት ላይ ተደብቆ ይቆይና የዝናብ ጠብታ መሬት ሲመታ ከጭቃው ጋር ተፈናጥሮ የታችኞቹን ቅጠሎች ይይዛል፤ ገለባ ካለ ግን ጠብታው ገለባው ላይ ያርፋል፣ በሽታውም ይዘገያል።

በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሐረርጌ ላይ ግን የማሽላው አገዳ የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ የኦቾሎኒው ሐረግ ራሱ መኖ ነው። «ማሳው ላይ ተወው» ብሎ መምከር ለእኔ ቢጤ ፒያሳ ቁጭ ብሎ ለሚጽፍ ሰው አያስቸግርም። ደግሞ ሳይታረስ የደደረ አፈር ከሆነ ያ መርፌ የመሰለው ዘንግ መግባት ይቸግረዋል፣ ሲነቀልም ፍሬው ተበጥሶ እዚያው ይቀራል። አሸዋማ መሬት ላይ ይሄ ችግር ይቀንሳል።

መጠጋጋትም የራሱ ጣጣ አለው። ቅጠሉ ሲገጥም ከሥሩ ያለው እርጥበት አይወጣም፣ ግንድ የሚያበሰብሰው ፈንገስ ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፣ ከአንዱ ተክል ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። ለማወቅ ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ ግንዱ አፈር የሚነካበትን ቦታ ማየት ነው። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር፣ አጠገቡም የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ቡናማ እንክብሎች ካሉ እሱ ነው። እንክብሎቹ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያሉ። እዚያ ማሳ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ኦቾሎኒ ሳይሆን ማሽላ ወይም በቆሎ ይዘራበት።