ብርጭቆ ላይ ኤችንግ ምንድን ነው? (ቀለም አይደለም!)

ነጭ ቀለም የተረጨበት ብርጭቆ «ኤችንግ» ተብሎ ሲሸጥ ማየት ከጀመርኩ ቆየሁ። ዝም ብዬ አልፍ ነበር። ሰሞኑን ግን አንድ ወዳጄ የራሴን ሥራ አንስቶ «ይሄማ ቀለም ነው፤ ውሃ ሲነካው ይጠፋል፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አለኝ። ይቺን እንኳን አላልፋትም።

ኤችንግ የብርጭቆውን ገጽ በስሱ አስበልቶ ማደብዘዝ ነው። የሚጨመር ነገር የለም፤ የሚነሳ ነው እንጂ። ሥራው የሚሠራው ገጹ ላይ በሚቀባ ክሬም ነው። ክሬሙ ውስጥ ያለው የፍሎራይድ ውህድ፣ ብዙ ጊዜ አሞኒየም ባይፍሎራይድ፣ የብርጭቆውን ሲሊካ ይበላል። ስቴንስሉ፣ ማለትም ሥዕሉ ተቆርጦ የወጣለት ተለጣፊ ሽፋን፣ የሸፈነው ይተርፋል፣ ክፍቱ ይበላል። ከታጠበ በኋላ ክሬሙም ስቴንስሉም የሉም።

ታዲያ ያ ነጩ ነገር ከየት መጣ? ከብርሃን፤ የተበላው ገጽ ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። ነፋስ የሌለበት ኩሬ አስቡ። ታች ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። ነፋስ ሽው ሲል ገጹ ይሸበሸባል፣ ጠጠሩም ይሰወራል። ውሃው አልደፈረሰም፣ ወተትም የጨመረበት የለም። ገጹ ብቻ ነው የተረበሸው። ክሬሙ ነፋሱ ነው። ስቴንስሉ ደግሞ ነፋስ የሚከልል አጥር፤ ከአጥሩ ጀርባ ያለው ውሃ ጸጥ እንዳለ ይቀራል። አጥሩ ከተበሳ ነፋሱ ሾልኮ ይገባል፤ የስቴንስሉን ጠርዝ ደጋግማችሁ በጥፍር እሹት የምለው ለዚህ ነው። ምሳሌው የሚያነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው። ኩሬው ነፋሱ ሲያልፍ ይረጋል፤ ብርጭቆው ግን እንደተሸበሸበ ይቀራል።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። አየሁ ያለውን አምነዋለሁ፣ እኔም ሁልጊዜ አየዋለሁ። ብርጭቆው እንደታጠበ ሥዕሉ የለም! ለጀማሪ ልብ ያቆማል። የሆነው ግን ውሃው ጥቃቅኖቹን ጎድጓዶች ሞልቶ ገጹን መልሶ ማለስለሱ ነው፤ ብርሃኑ እንደ ድሮው ሳይበተን ያልፋል። ሲደርቅ ሥዕሉ ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ቀለም ቢሆን እኮ እርጥብም ሆነ ደረቅ ይታይ ነበር። «ይጠፋል» ብሎ ያመጣው ምስክር ለእኔ ነው የመሰከረው።

ይህን ባለማወቅ ስንት ሥራ ተበላሽቷል። ሰውየው ስቴንስሉን ልጦ ያጥባል፣ ሥዕሉን ያጣዋል፣ ደንግጦ ክሬም ይደግማል። አሁን የሚሸፍን ነገር የለም፤ ሥዕሉም ዙሪያውም አብረው ይደበዝዛሉ።

በታመቀ አየር አሸዋ እየረጩ የሚሠሩትም ኤችንግ ይሉታል። ከእነሱ ጋር አልጣላም፤ እነሱም የሚያነሱ እንጂ የሚለጥፉ አይደሉም። እንዲያውም እነሱ ጥልቀት ያገኛሉ። ክሬም ግን ላይ ላዩን ነው፤ ግማሽ ቀን ብታቆዩትም ቅርጻቅርጽ አይሆንላችሁም።

«በሎሚና በኮምጣጤም ይሆናል» ባዮችም አሉ። አይሆንም። ኮምጣጤ ስንት ዘመን በጠርሙስ ተቀምጦ ጠርሙሱን መቼ በላው? ይህን ክሬም ግን በፕላስቲክ ዕቃ ነው የምትገዙት። ኬሚስቱ ካርል ቪልሄልም ሼለ እ.ኤ.አ. በ1771 ፍሎራይት የተባለውን ማዕድን ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲያሞቅ የሚሠራበት የብርጭቆ ዕቃ ራሱ ተበልቶ አገኘው፤ ብርጭቆ የሚበላ የፍሎራይድ አሲድ መኖሩን ያወቀው እንዲህ ነው።

ማንም ሳይጠይቀኝ ልጨምር፦ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ። ይህ ነገር ቆዳ ላይ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። «ነካኝ፣ ምንም አልሆንኩም» አይሠራም። በብዙ ውሃ ታጠቡ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ፍሎራይድ መሆኑንም ተናገሩ። የሴራሚክ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥም ዝም ብላችሁ አትድፉት። የገንዳው አብረቅራቂ ሽፋን ራሱ ብርጭቆ ነው። እኔ ቤት ገንዳው ላይ አንድ ደብዛዛ ክብ አለች፤ በምንም ብትፈተግ አትለቅም።

ወዳጄን በክርክር አልቻልኩትም። እርጥቡን ብርጭቆ ሰጠሁትና «ጠርገህ እየው» አልኩት። በፎጣ ጠረገ፣ እፍ እፍ አለበት፣ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየው።

«እንዴ፣ ቀለሙ ተመለሰ!» አለኝ።