ሐሰተኛ መረጃ በአፍሪካ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ሐሰተኛ መረጃ በየስብሰባው ከሚነገሩት ነገሮች መካከል አንዳንዶቹ ራሳቸው ቢጣሩ የሚቆሙ አይደሉም። ከዚህ በታች ተደጋግመው የሚሰሙትን በአህጉራችን ከተመዘገቡ ሁነቶችና ጥናቶች ጋር እናስተያያለን። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“ችግሩ ከማኅበራዊ ሚዲያ ጋር የመጣ ነው”

ፌስቡክ ከመመሥረቱ በፊት፣ በ2003፣ በሰሜን ናይጄሪያ የምትገኘው የካኖ ግዛት የፖሊዮ ክትባት አቁማ ነበር። ምክንያቱ ክትባቱ ሴቶችን ለማምከን የተዘጋጀ ነው የሚለው ወሬ ነው፤ ወሬውን የሃይማኖት መሪዎችና ፖለቲከኞች ጭምር አስተጋብተውታል። እገዳው አሥራ አንድ ወር ያህል ሲቆይ ቫይረሱ ድንበር እየተሻገረ በሽታው ጠፍቶባቸው ወደነበሩ አገሮች ተመለሰ፤ በሱዳን በኩል ኢትዮጵያ ገባ፣ የመንና ኢንዶኔዥያም ደረሰ። ይህን ሁሉ ያደረገው ያለ ማኅበራዊ ሚዲያ የተሰራጨ ወሬ ነው።

“በሐሰት የሚታለለው ያልተማረ ሰው ነው”

የካኖ ወላጆች የፈሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1996 በዚያው ግዛት የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ፋይዘር የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ትሮቫን የተሰኘ አዲስ መድኃኒት ሞክሮ ነበር፤ በሙከራው ከተካተቱት 200 ሕፃናት 11 ሞተዋል። ወላጆች ሙከራ መሆኑ በቅጡ አልተነገረንም አሉ፤ ኩባንያው ሞቱ በመድኃኒቱ የመጣ አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ በመጨረሻም በ2009 ከግዛቲቱ ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። የክትባቱ ወሬ ሐሰት ቢሆንም የተዘራው እውነተኛ ቁስል ላይ ነበር። እገዳውም የተነሣው ባለሥልጣናቱ አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም ከሆነችው ከኢንዶኔዥያ የመጣ ክትባት ለመቀበል ከተስማሙ በኋላ ነው። ስለዚህ “ሕዝቡን እናስተምረው” ብሎ ከመነሣት አስቀድሞ ሕዝቡ ማንን ያምናል፣ ለምንስ ያምናል ብሎ መጠየቅ ይበጃል፤ አብዛኛው የግንዛቤ ዘመቻ ግን ይህን ጥያቄ ይዘለዋል።

“ዋናው ስጋት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚቀነባበር ቪዲዮ ነው”

ስጋቱ እውነት ነው፤ ይሁንና መረጃ አጣሪዎችን ከሚገጥማቸው ብዙው የቆየ ወይም የሌላ አገር ፎቶ ከአዲስ ጽሑፍ ጋር ተለጥፎ ነው። የተቃጠለ አውቶቡስ ፎቶ “ዛሬ ጠዋት አዲስ አበባ” ተብሎ ቢሰራጭ አጣሪው በጎግል ሌንስ (ፎቶን በፎቶ በሚፈልገው የጎግል መሣሪያ) ይፈልገዋል፤ ካላገኘው ግራና ቀኙ ተገልብጦ እንደሆነ አዙሮ፣ ዳር ዳሩን ቆርጦ ደግሞ ይሞክራል። ከዚያም የታርጋውን ቀለም፣ የሱቁን ታፔላ ቋንቋ፣ መኪኖቹ የሚነዱበትን ወገን ይመለከታል፤ በኢትዮጵያ የሚነዳው በቀኝ፣ በኬንያ በግራ ነውና። ያው ፎቶ ከወራት በፊት ተለጥፎ ከተገኘ የ“ዛሬ ጠዋቱ” ነገር አበቃ።

እንዲያውም ለሐሰተኛ ቪዲዮ ያለን ፍርሃት ራሱ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። የያኔው የጋቦን ፕሬዚዳንት አሊ ቦንጎ በ2018 መገባደጃ ስትሮክ መትቷቸው ለወራት ከአደባባይ ጠፍተው ሳለ የአዲስ ዓመት መልእክታቸው በቪዲዮ ተላለፈ። የፊታቸው ሁኔታ እንግዳ ስለነበር ብዙዎች ዲፕፌክ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀነባበረ ቪዲዮ) ነው አሉ፤ ጃንዋሪ 7 ቀን 2019 ወታደሮች የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲያደርጉ መልእክቱን አንድ ምክንያት አድርገው ጠቀሱ። ቪዲዮውን የመረመሩ ባለሙያዎች ግን የተቀነባበረ ለመሆኑ ማስረጃ አላገኙም።

“ማስተባበያ ሰውን ይበልጥ ግትር ያደርገዋል”

በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በአርጀንቲናና በእንግሊዝ በአንድ ጊዜ ተካሂዶ በ2021 የታተመ ሙከራ የተገላቢጦሹን አሳይቷል፤ የተጣራውን መረጃ ያነበቡ ሰዎች በሐሰቱ ላይ የነበራቸው እምነት ቀንሷል፣ ለውጡም በአብዛኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ አልጠፋም። ችግሩ ያለው ማዳረሱ ላይ ነው። ፔሳቼክ፣ ሐቅቼክና ኢትዮጵያ ቼክ የተባሉት መረጃ አጣሪዎች በአማርኛ ጭምር ቢጽፉም ሐሰቱ በተላለፈበት የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ማስተባበያውን የሚለጥፍ ሰው እምብዛም አይገኝም።

“የሚዲያ አጠቃቀም ትምህርት ያለ ኮምፒውተር አይሰጥም”

በኡጋንዳ በ120 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ10,000 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት መሣሪያው በሥዕላዊ ታሪክ የተዘጋጀ የወረቀት መጽሐፍ ነበር። ልጆቹ “ይህ መድኃኒት ያድናል” የሚል ወሬ ሲሰሙ ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው በአንድ ተርም ውስጥ በዘጠኝ ክፍለ ጊዜ ተማሩ፤ በፈተናውም ከተማሩት 69 በመቶ፣ ካልተማሩት 27 በመቶ የማለፊያውን ነጥብ አገኙ። በአንጻሩ በሕንድ ቢሃር ግዛት በ2019 ምርጫ ዋዜማ ቤት ለቤት የተሰጠ የአንድ ሰዓት ያህል ሥልጠና በጥቅሉ የሚለካ ለውጥ አላመጣም። የአንድ ቀን ዐውደ ጥናት አዘጋጅተው ሰርተፍኬት የሚያድሉ ድርጅቶች ይህን ልዩነት ቢያጤኑት መልካም ነው።

“ጠበቅ ያለ ሕግ ይበቃል”

የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሐሰተኛ መረጃ የሚለው አሰራጩ ሐሰትነቱን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ያሰራጨውን፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉም ከፍተኛ የሆነውን ንግግር ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የተሰራጨ ከሆነ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። አክስት በቅንነት የላኩት የስኳር በሽታ “ፈውስ” ግን ጉዳቱ የቱንም ያህል ቢሆን ከዚህ ትርጉም ውጭ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ አሥራ አንድ የአፍሪካ አገሮችን ያየ ጥናት ከ2016 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክሉ ሕጎች ወደ እጥፍ መጠጋታቸውን አሳይቷል፤ ሐሰትን የመለየት ትምህርት በመደበኛ ትምህርት ቤት ሲሰጥ ያገኘው ግን በአንድ የደቡብ አፍሪካ ክፍለ ሀገር ብቻ ነው።