ክላስ 3 ምንድን ነው?

ከአትላንታ ሁለት ሰዓት ያህል ነድተው በቻቱጋ ወንዝ ላይ ራፍቲንግ (በጎማ ጀልባ ወንዝ መውረድ) ለመጀመር የሚያስቡ ወገኖች ምክር ሲጠይቁኝ፣ ብዙዎቹ «ክፍል 3 ለጀማሪ ይሆናል ተብለናል» ይሉኛል። የትኛው ክፍል 3 እንደሆነ መልሼ ስጠይቅ ግን ጥያቄው ራሱ ግራ ያጋባቸዋል።

ጥፋቱ ከትርጉም ይጀምራል። አስጎብኚዎቹ «ሴክሽን» እና «ክላስ» የሚሏቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ወደ አማርኛ ሲመጡ ሁለቱም «ክፍል» ይሆናሉ። ሴክሽን የቦታ መጠሪያ ነው፤ ቻቱጋ በጆርጂያና በሳውዝ ካሮላይና ድንበር ላይ ሲወርድ በተቆጠሩ ቁራጮች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ከኧርልስ ፎርድ እስከ ሀይዌይ 76 ድልድይ ያለው ሴክሽን 3፣ ከድልድዩ እስከ ቱጋሉ ሐይቅ ያለው ደግሞ ሴክሽን 4 ይባላል። ክላስ ግን ከ1 እስከ 6 የሚደርስ ዓለም አቀፍ የክብደት መመዘኛ ነው፤ በዋናነት የሚመዝነውም ወንዙን በጅምላ ሳይሆን እያንዳንዱን ራፒድ፣ ማለትም ውሃው በድንጋዮች መካከል ተፋጥኖና አረፋ ደፍቆ የሚወርድበትን ቦታ ነው። በሴክሽን 3 ውስጥ ብዙዎቹ ራፒዶች ክላስ 2 እና 3 ናቸው፤ መጨረሻው ላይ፣ ከድልድዩ ጥቂት ከፍ ብሎ ያለው ቡል ስሉስ ግን በተለመደው የውሃ መጠን ክላስ 4 ነው። የቁጥሮቹ መቀራረብ ስሕተቱን ይበልጥ አባብሶታል።

አንድ ወንድም «ሴክሽን 3 በአማካይ ያው ክላስ 3 ነው፤ አንተ የቃላት ጨዋታ ትወዳለህ» ብሎ ተከራክሮኛል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው መንገድም በአማካይ ሲታይ የሚያስፈራ አይደለም፤ ሆኖም ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውን የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ በአማካይ ፍሬን የነዳ ሾፌር አላውቅም። የመንገዱ ስም ሴክሽን ነው፤ የአንዱ ኩርባ ክፋት ደግሞ ክላስ ነው። ያው ኩርባ በጥር ፀሐይና በሐምሌ ጭጋግ አንድ እንደማይሆን ሁሉ፣ ቻቱጋም ውሃውን የሚያመጣጥን ግድብ ስለሌለው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ትናንት ክላስ 3 የነበረው ራፒድ ሌላ ራፒድ ሆኖ ሊጠብቅዎ ይችላል። ምሳሌው የሚከዳኝ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ሾፌር ኩርባው ካስፈራው ዳር ይዞ ይቆማል፤ የጎማ ጀልባ ግን ፍሬን ስለሌለው፣ የሚቆመው ከራፒዱ በፊት ውሃው ከድንጋይ ጀርባ ወደ ኋላ በሚዞርበት ጸጥ ያለ ቦታ ሲገባ ነው፤ ያ ቦታ ካመለጠ ውሳኔው የወንዙ ነው።

ከዚህ የባሰው ክላስን የአደጋ መጠን አድርጎ ማንበብ ነው። መመዘኛው በዋናነት የሚናገረው ራፒዱን በጀልባ ለማለፍ ምን ያህል ችሎታ እንደሚጠይቅ እንጂ፣ ከጀልባ ቢወድቁ ምን እንደሚደርስብዎ አይደለም። በሴክሽን 4 የሚገኘው ዉዳል ሾልስ ከዳር ሲያዩት ዝቅ ያለ፣ እንግዳ ሰው የማይፈራው መውረጃ ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ ያለው ውሃ ወደ ላይ ተመልሶ እየተሽከረከረ የገባበትን ይዞ ያስቀራል፣ ሰውም ገድሏል። እ.ኤ.አ. በ1974 ለቻቱጋ የተሰጠው የ«ዱርና ውብ ወንዝ» ሕጋዊ ማዕረግም ስለ ጥበቃው እንጂ ስለ ክብደቱ የሚነግረን ነገር የለም፤ ይህንንም ከክላስ ጋር የሚያምታታ ሰው ገጥሞኛል።

«ለጀማሪ ይሆናል» የሚለውም መታረም አለበት። በመመዘኛው ለጀማሪ ቀዛፊ የተተወው ክላስ 2 ሲሆን፣ ክላስ 3 መካከለኛ ችሎታ ላለው ነው። ያለ ልምድ ሴክሽን 3ን የሚወርዱ ሰዎች የሚወርዱት በመሪያቸው ችሎታ ነው፤ እርስዎ በትእዛዝ ይቀዝፋሉ፣ ወንዙን የሚያነበው እሱ ነው። በራስዎ ጀልባ ሲመጡ ይህ ሁሉ ይገለበጣል።

ሳልጠየቅ ልጨምር። የውሃው ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ በሙያችን አንድ ክላስ ጨምሮ መቁጠር የቆየ ልማድ ነው፤ ስለዚህ በማርች ውሃ ክላስ 3ን እንደ ክላስ 4 ይያዙት። ወንዝ ላይ የወደቀ ዛፍ ወንፊት ነው፤ ውሃውን ያሳልፋል፣ ሰውን ያስቀራል፣ ክላሱ 1 በሆነበት ቦታም ቢሆን። ከወደቁ በጀርባዎ ተንጋለው እግርዎን ወደ ቁልቁሉ ያድርጉ፤ ውሃው በሚፈስበት ቦታ ለመቆም አይሞክሩ፣ እግር በድንጋዮች መሀል ከተቀረቀረ ውሃው ራሱ ደፍቶ ይይዛልና። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎማ ጀልባ ሲወረድ የኖረውን ኦሞን ለሚያስቡ ደግሞ፣ የክላስ ቁጥሩ አዞንና ጉማሬን አይቆጥርም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ለጉዞ ስትመዘገቡ «ክፍሉ ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። የ76ቱ ድልድይ የውሃ ከፍታ መለኪያ ዛሬ ስንት ፉት እንደሚያሳይ፣ ቡል ስሉስንም በጀልባ ወይስ በእግር ዞራችሁ እንደምታልፉት ጠይቁ።