ተደራሽነት ምንድን ነው? ተደራሹ ቦታው እንጂ ሰውየው አይደለም

በቅርቡ አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። መድረክ ላይ የወጡት ሰው የዓመቱን ሥራ ሲዘረዝሩ «60 አካል ጉዳተኞችን ተደራሽ አድርገናል» አሉ። ተጨበጨበ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። 60 ዊልቸር አከፋፍለዋል። በቅን ልብ የተሠራ ሥራ ነው። ስብሰባው ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንፃው ሊፍት የለውም። ዊልቸሩን ከወሰዱት ሰዎች አንዳቸውም አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም።

ይህን አነጋገር ሳልሰማ የማሳልፈው ሳምንት የለም። ሪፖርት ላይ አለ፣ ዜና ላይ አለ፣ ባነር ላይ አለ። ለክትባት ወይም ለእርዳታ እህል ሲባል ብዙም አልከራከርም። «ደርሶላቸዋል» ለማለት ነው፣ ይገባኛል። አካል ጉዳተኝነት ላይ ሲመጣ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ተደራሽ ማለት ሊደረስበት የሚችል ማለት ነው። ሊደረስበት የሚገባው ፍርድ ቤቱ ነው። ጤና ጣቢያው ነው። መታወቂያ የሚታደስበት የወረዳው መስኮት ነው። ሰውየው አይደለም። ሰውየው ደራሹ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሰውን «ተደራሽ አደረግነው» ስንል ጉድለቱን እሱ ላይ አድርገን፣ ሥራችንን በራስ ቁጥር ቆጥረን እንጨርሳለን። ቦታውን ተደራሽ እናድርግ ስንል ግን ቆጠራው ይቀየራል። ስንት በር ጠባብ ነው? ስንት ደረጃ አለ? ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን (ዓለም አቀፍ ስምምነት) አንቀጽ 9 የሚለውም ይህንኑ ነው። እንቅፋቶችን ለዩ፣ አስወግዱ ይላል። በሕንፃ፣ በመንገድ፣ በትራንስፖርት፣ በመረጃ። በከተማም በገጠርም።

እኔ ለአዲስ ሰው ሁልጊዜ የማስረዳው በውሃ ነው። አንድ ሰፈር ውሃ የለውም እንበል። አንድ ድርጅት መጥቶ ለየቤቱ ጀሪካን አደለ። ጀሪካን ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ውሃ አይቀዳም። ግን ማንም ሰው ተነስቶ «ሰፈሩ ውሃ ገባለት» አይልም። ዊልቸርም እንደዚያው ነው። ሰውየውን ከአልጋ ያስነሳዋል፣ ትልቅ ነገር ነው። ከግቢው በር ውጪ ያለው መንገድ ግን ያው እንደነበረው ነው።

(እግረ መንገዴን ልበል፤ ዊልቸርም ዝም ብሎ አይታደልም። ለሰውየው ወርድና ቁመት መለካት አለበት። ያለ ልክ የተሰጠ ዊልቸር መቀመጫ ላይ ቁስል ያመጣል። ስሜት የሌለው አካል ላይ የወጣ ቁስል ደግሞ ሰው ሳያውቀው ይሰፋል፣ ይገድላልም።)

ወደ ውሃው ምሳሌ ልመለስ። አንድ ባለሙያ በሬዲዮ «አሁን የሚሠሩት ሕንፃዎች ራምፕ (በደረጃ ፋንታ ለዊልቸር የሚሠራ ተዳፋት መውጫ) አላቸው፣ ስለዚህ የተደራሽነት ጉዳይ እየተፈታ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሥራዬ ሜትር ይዞ ሕንፃ መዞር ስለሆነ በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ቧንቧ ግቢ ገባ ማለት ውሃ መጣ ማለት አይደለም። ይህን የአዲስ አበባ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል።

ራምፕ ሒሳብ አለው። የተለመደው መለኪያ ለ1 ሳንቲሜትር ከፍታ 12 ሳንቲሜትር ርዝመት ነው። 15 ሳንቲሜትር የሆነች አንዲት ደረጃ ብቻ 1 ሜትር ከ80 ራምፕ ትፈልጋለች። አራት ደረጃ ካለ 7 ሜትር ከ20 ነው። አሁን በየሕንፃው ደጃፍ የምታዩትን አስታውሱ። አራት ደረጃ፣ ጎኑ ላይ ሁለት ሜትር ተኩል የምትሆን ራምፕ። ያቺ ሸርተቴ ናት። በዊልቸር ለብቻ መውጣት አይቻልም፤ መውረድ ደግሞ አደጋ ነው። ብዙ ጊዜ በሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ትለበጣለች፤ ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲነካት ጤነኛ እግርም አይቆምባትም።

አንድ ቀን ከጓደኛዬ ጋር አንድ አዲስ ሕንፃ ሄድን። ጓደኛዬ የሒሳብ ባለሙያ ናት፣ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ራምፑ እውነትም ጥሩ ነበር፤ ለካሁት፣ ልኩ ነው። መጨረሻው ላይ ግን በሩ አጠገብ ትልቅ የአበባ ማሰሮ ተቀምጧል። ጥበቃው እየተሯሯጠ ገፋልን። ሊፍቱ ይሠራል። ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። የዊልቸር ምልክት የተለጠፈበት ሽንት ቤት አለ፤ ተቆልፏል። ጠየቅን። «ቁልፉ ጽዳቷ ጋ ነው ጋሼ፣ ምሳ ወጥታለች» አሉኝ። ግማሽ ሰዓት ጠብቀን ተከፈተ። ውስጡ መጥረጊያ፣ ሁለት ባልዲ፣ የተሰበረ ወንበር። ጓደኛዬ አልተገረመችም። «እኔ ጉዳይ ያለኝ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልጠጣም» አለችኝ። ለዓመታት እንዲህ ነው የምታደርገው። ኩላሊቷን አሟታል።

ያ ሕንፃ በወረቀት ላይ ሁሉን አሟልቷል። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ አንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዟል። ሽንት ቤቱንም ጠቅሷል። ስለ አበባው ማሰሮና ስለ ቁልፉ ግን የሚያወራ የለም። ቧንቧው ተዘርግቷል፣ መጋጠሚያው ላይ ያፈሳል፣ ቧንቧው ጫፍ ላይ ጠብታ የለም። ቦኖ ጠባቂው ቁልፉን ይዞ ከሄደ ውሃው ቢኖርም የለም።

እግረ መንገዴን አንድ ሌላ ነገር። የዚያ ሽንት ቤት በር ወደ ውስጥ ነበር የሚከፈተው። ወደ ውጪ መሆን አለበት። ሰው ውስጥ ቢወድቅ በገዛ ሰውነቱ በሩን ይዘጋዋል፤ ገብቶ የሚያነሳው አይኖርም። ደግሞም መግባት ብቻ አይደለም፣ መውጣትም አለ። እሳት ቢነሳ ሊፍት አይያዝም። ሦስተኛ ፎቅ ያለች ዊልቸር ተጠቃሚ በየት ትወጣለች? ይህን ጥያቄ ስጠይቅ መልስ ያለው የሕንፃ ኃላፊ እስካሁን ብዙ አላጋጠመኝም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ዊልቸር ነው፤ እኔም እንደ ሌላው ሰው እዚያ ላይ ቆየሁ። ተደራሽነት ግን ለዊልቸር ብቻ አይደለም። መንገድ ላይ ወጣ ወጣ ብለው የሚረገጡትን ቢጫ ንጣፎች ታውቋቸዋላችሁ። ማየት የተሳነው ሰው በእግሩና በበትሩ የሚያነባቸው ናቸው። ሴይቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ ነው በ1965 እ.ኤ.አ. የፈለሰፋቸው። ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ረጅም መስመር ያለው «ቀጥል» ይላል፣ ነጠብጣብ ያለው «ቁም፣ አጣራ» ይላል። ሠራተኛው ይህን ካልተነገረው ንጣፉን ለውበት ይደረድረዋል። መስመሩን ተከትዬ ሄጄ የመብራት ምሰሶ ላይ ያቆመኝን መንገድ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ዓይኔን ገልጬ ነው የሄድኩት። ጨፍኖ የሚሄደው ሰው በግንባሩ ነው የሚያገኘው።

መረጃም ቦታ ነው። የሥራ ማስታወቂያ በወረቀት ይታተማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ በስልክ ፎቶ ይነሳና ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ስክሪን ሪደር (ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም ሰው ስልኩ የሚነግረው «ፎቶ» ብቻ ነው። ጽሑፉን ከሥሩ ገልብጦ መለጠፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህ እንደ ደረጃው ሲሚንቶ አይፈልግም፤ ደረጃ ግን ነው።

መስማት ለተሳናቸውም «አስተርጓሚ አለ» ተብሎ ብቻ አይታለፍም። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው፤ አማርኛ በእጅ ሲነገር አይደለም። ትምህርት ቤት ሳይሄዱ ያደጉ፣ የምልክት ቋንቋውንም ጭምር ያላገኙ ሰዎች ደግሞ አሉ። ለነሱ ሐኪም ቤት ውስጥ የሚያግባባው ሥዕልና ትዕግሥት ነው።

አሁን በጣም ወደሚያበሳጨኝ ክርክር ልምጣ። «እዚህ ቢሮ አካል ጉዳተኛ መጥቶ አያውቅም፣ ለማን ብለን ነው የምንሠራው?» ይሉኛል። በየስብሰባው አለ ይህ ሰው። ክፉ ሰው አይደለም፣ በጀት ይዞ የሚጨነቅ ሰው ነው። መልሴ ይኸው ነው፤ ውሃ ከማይመጣበት ቦኖ ፊት ሰልፍ አይኖርም። ጀሪካን የያዘ ሰው ስላጣችሁ ሰፈሩ አልጠማውም ማለት አይደለም። ሰውየው አንድ ቀን መጥቷል፣ ደረጃውን አይቷል፣ ተመልሷል። ሁለተኛ አይመጣም። ለሌላውም ይነግራል።

እዚህ ላይ «ችግር የለም፣ ከመጡ አራት ሆነን እንሸከማቸዋለን» የሚል ይነሳል። የውሃው ምሳሌዬ የሚያበቃው እዚህ ነው። ውሃን ተሸክሞ ማምጣት ይቻላል፤ ውሃ አያፍርም። ትልቅ ሰው ግን በማያውቃቸው አራት ሰዎች እጅ፣ ልብሱ ተሰብስቦ፣ ሰው እያየው ወደ ላይ ሲወጣ ያፍራል። ሴት ከሆነች ደግሞ ሌላ ነው። ደረጃ ላይ ተሸካሚዎቹ እግራቸው ቢስትስ? ርኅራኄያችን የምንኮራበት ነው፣ እኔም እኮራበታለሁ። ሰው ግን ለጉዳዩ የሰው ክንድ መለመን የለበትም።

የገንዘብ ነገር ሲነሳ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ይጠቀሳል። «አቅም በፈቀደ መጠን ነው የሚለው» ይባላል። ንዑስ አንቀጽ 5 የሚያወራው ግን መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ሕፃናት ስለሚሰጠው መልሶ ማቋቋምና እርዳታ ነው። የአበባ ማሰሮ ከራምፕ ላይ ማንሳት አቅም አይጠይቅም። ሕንፃም ከመነሻው ሲታሰብበት ጭማሪው ትንሽ ነው። የሚያስከፍለው አፍርሶ መሥራት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለሕግ ሰዎች። ተደራሽነትንና ምክንያታዊ ማመቻቸትን አትቀላቅሏቸው። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮሚቴ በ2014 እ.ኤ.አ. ለይቶ አስቀምጧቸዋል። ተደራሽነት ማንም ሳይጠይቅ፣ አስቀድሞ፣ ለሁሉም የሚሠራ ነው። ማመቻቸት አንድ ሰው ሲጠይቅ ለእሱ የሚደረግ ነው፤ ለአንዲት ሠራተኛ ጠረጴዛዋን ከፍ እንደማድረግ። ስለዚህ «ጠያቂ የለም» የሚለው መልስ ለተደራሽነት ፈጽሞ አይሠራም።

ሪፖርት ለምትጽፉ ወዳጆቼ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ዊልቸር ከሰጣችሁ «60 ዊልቸር ሰጠን» በሉ። መልካም ሥራ ነው፣ በስሙ ይጠራ። ራምፕ ከሠራችሁ ከፍታውንና ርዝመቱን ጻፉ። «ተደራሽ አደረግን» የምትለውን ግን አንድ ዊልቸር ተጠቃሚ ከቤቱ ተነስቶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ሽንት ቤት ገብቶ፣ በሰላም ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ጻፏት።

የዚያን ቀኑን ተናጋሪ ከመድረክ ሲወርዱ አግኝቻቸው ይህንኑ ነገርኳቸው። ሰሙኝ። ቀጣዩን ስብሰባ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ እንደሚያደርጉት ነግረውኝ በሩን እንድለካላቸው ጠየቁኝ። ሐሙስ ሄጄ ለካሁት። ባለ ሁለት ክንፍ በር ነው። አንዱ ክንፍ ብቻ ሲከፈት 74 ሳንቲሜትር ነው፤ ቢያንስ 80 ያስፈልጋል። ሁለተኛው ክንፍ የማይከፈተው የታችኛው መቀርቀሪያ ስለዛገ ነው። ዘይት ቀብተው እንዲያስለቅቁት ነግሬያቸው ወጣሁ።