የማዕድን ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ምንድን ነው?

ወሎ ውስጥ፣ ደላንታ ላይ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ የሚያወጡ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ይሠራሉ። ማኅበሩ ሊቀመንበር አለው። የሚመርጡት አብረውት ገደል የሚወርዱት ልጆች ናቸው። ካልተስማማቸው ስብሰባ ጠርተው ያወርዱታል። ዋሻ ቢደረመስ ደግሞ አደጋው ለእሱም ያው ነው። በ2016 ዓ.ም. እዚያው ደላንታ ቆፋሪዎች ዋሻ ተደርምሶባቸው ታፍነው እንደነበር እናስታውሳለን።

የዓለም ትልልቅ የማዕድን ኩባንያዎች አለቃ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ዜና ላይ “ዋና ሥራ አስፈጻሚው እንዲህ አሉ” ሲባል ብዙዎቻችን ባለቤቱ የተናገረ ይመስለናል። አይደለም። ተቀጣሪ ነው። ደመወዙ ያስደነግጣል እንጂ ያው ተቀጣሪ ነው። ባለቤቶቹ ባለአክሲዮኖች ናቸው፤ ከእነሱም ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ የጡረታ ፈንዶችና የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ናቸው። እነሱ በጠቅላላ ጉባኤ ቦርድ ይመርጣሉ። ቦርዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚውን ይቀጥራል፣ ክፍያውን ይወስናል፣ ሲያስፈልግም ያሰናብታል።

ሥራው ምንድን ነው? በዋናነት ገንዘቡ የት እንደሚገባ መወሰን። የቱ ማዕድን ይከፈት፣ የቱ ይዘጋ፣ የቱ ይሸጥ። የሚገርመው፣ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ እሱ አይተምንም። የብረትና የመዳብ ዋጋ የሚወጣው በዓለም ገበያ ነው። አንድ ማዕድን ከተገኘ በኋላ ምርት እስኪሰጥ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ አንዱ የዘራውን ሌላው ያጭዳል፤ ሪባኑን የሚቆርጠውም ብዙ ጊዜ ያ ሌላው ነው።

በእጁ ያለው ትልቁ ነገር የሠራተኛው ደኅንነት ነው። ሲንቲያ ካሮል እ.ኤ.አ. በ2007 አንግሎ አሜሪካን የተባለውን ትልቅ የማዕድን ኩባንያ መምራት ጀመሩ። ለኩባንያው የመጀመሪያዋ ሴት አለቃ ነበሩ። በዚያው ዓመት ደቡብ አፍሪካ ሩስተንበርግ ላይ ሠራተኞች ተከታትለው ሲሞቱ፣ ግዙፉን የፕላቲኒየም ማዕድን ለሳምንታት አዘጉት። ገቢው ይቅር ብሎ መዝጋት የሚችል ሥልጣን ያለው እዚህ ወንበር ላይ ነው።

በሌላው ትልቅ የማዕድን ኩባንያ፣ በሪዮ ቲንቶ፣ የሆነው ደግሞ የሥልጣኑን ሌላ ገጽ ያሳያል። ኩባንያው በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ጁካን ገደል ላይ፣ ሰው ከ46 ሺህ ዓመት በፊት የተጠለለባቸውን ዋሻዎች በፈንጂ አፈረሰ። ለአካባቢው ነባር ሕዝብ ቅዱስ ቦታ ነበሩ። ኩባንያው የፈለገው ከሥር ያለውን የብረት ማዕድን ነው። ሕጉም ፈቅዶለት ነበር! ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዣን ሴባስቲያን ዣክ ለፓርላማ አጣሪ ኮሚቴ፣ ከፍንዳታው በፊት የቦታውን ክብር አላውቅም ነበር አሉ። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። የዋሻዎቹን ዋጋ የሚናገር ጥናት ኩባንያው ውስጥ ነበር፤ ላይ ድረስ ግን አልደረሰም።

ቦርዱ በነሐሴ የዣክን ጉርሻ (ቦነስ) ቆረጠ። ባለአክሲዮኖቹ ይሄማ ቀልድ ነው አሉ። በመስከረም እሳቸውና ሁለት ከፍተኛ ኃላፊዎች እንደሚለቁ ተነገረ። ኋላም የቦርዱ ሰብሳቢ ለቀቁ።

ዣክ ለቀቁ ስንል ግን ባዶ እጃቸውን አይምሰላችሁ። ቀደም ብሎ የተሰጣቸው አክሲዮን ዋጋው ጨምሮ ስለነበር፣ የ2020 ክፍያቸው ከቀደመው ዓመት በልጦ ከ7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆነ። በቀጣዩ ጉባኤ አብዛኞቹ ባለአክሲዮኖች የክፍያ ሪፖርቱን ተቃወሙ። ድምፁ ምክር እንጂ ትእዛዝ ስላልሆነ ገንዘቡን አላስመለሰም።

ነገ ወሎ ላይ ፈቃድ ይዞ የሚመጣ ትልቅ ኩባንያ ቢኖር፣ ከሽማግሌዎች ጋር ቡና የሚጠጣው ዋና ሥራ አስፈጻሚው አይሆንም። የአገር ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ወይም የማኅበረሰብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። “አብሽሩ፣ መንገዱንም ትምህርት ቤቱንም እንሠራለን” ቢል ከልቡ ሊሆን ይችላል። ግን እስከ ስንት ብር ድረስ በራሱ መፈረም እንደሚችል፣ ከዚያ በላይ ያለውን ማን እንደሚያጸድቅ መጠየቅ ነውር የለውም። ትልልቅ ኩባንያዎች ውስጥ ይሄ ገደብ በጽሑፍ የተቀመጠ ነው፤ መልሱ ሊጠፋው አይችልም።